ደግፌ ለጎን ክፍል የጻፈው ኢሜይል

እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ ግን ከፈረንጅ ጋር የኔን ያህል ያወራ አርባ ምንጭ ውስጥ የለም። ጫሞ ሐይቅ ላይ ጀልባ ስቀዝፍ አንዱን ጀርመን በአሥር ቃልና በእጄ ብቻ አዞዎቹን አሳይቼ፣ ሆዱን ይዞ እስኪስቅ አጫውቼ መልሼዋለሁ። በኋላ ሙዝ ላከልኝ፣ ላንቴ መንደር የሙዝ እርሻ ላለኝ ለእኔ... ተዉት፣ የጀመርኩት የደግፌን ነው።

በዘጠና አንድ ዓ.ም. እዚሁ አርባ ምንጭ፣ ሴቻ ሰፈር፣ አንድ የውሃ ፕሮጀክት ቢሮ ዘበኛ ነበርኩ። ደግፌ የጨንቻ ሸማኔ ልጅ፣ የቢሮው ጊዜያዊ ጸሐፊ ነው። ኢሜይል የሚሉት ያኔ ገና መምጣቱ ነበር፤ ኮምፒውተሩ በስልክ መስመር እየተንጫጫ ደብዳቤ ይልካል። ደግፌ በሱ ውጭ አገር ላለው ፈረንጅ አለቃ ዓመት ሙሉ ጻፈ። ኃላፊዋ ጽጌረዳ እንግሊዝኛው ያስቀናል ትል ነበር። ፈረንጁም መጥቼ ካነጋገርኩህ በኋላ በቋሚነት እቀጥርሃለሁ፣ አስተርጓሚዬ ትሆናለህ አለው።

መጣ። በሩን የከፈትኩት እኔ ነኝ፤ "ዌልካም" ብዬ ጨበጥኩት፣ ሳቀ። ደግፌ ግን አንገቱን ደፋ። የኛ ልጅ ትልቅ ሰው ፊት ቀና አይልም፣ እንዲያ ነው ያደገው። ፈረንጁ ዓይን ዓይኑን እያየ ይጠይቀዋል። ሁለቴ "የስ" አለ፣ ሸሚዙ በላብ ራሰ፣ ተነስቶ ወጣ።

ሽንት ቤት የሄደ መስሎን ጠበቅን። ሲቆይብኝ ፈለግኩት። ኮምፒውተሩ ክፍል በሩን ዘግቶ ይጽፋል።

"ምን እየሠራህ ነው ልጄ?"

"እየመለስኩለት ነው ጋሼ። የጠየቀኝን ሁሉ።"

"ሰውየው እኮ እዚህ ነው።"

"እዚህ ሲሆን ነው ያቃተኝ።"

ደብዳቤውን ሰውየው የሚያየው አገሩ ሲገባ ነው። ይህንንም ደግፌ ያውቃል። ግን ላከው።

ስንመለስ ፈረንጁ ፊቱ ጠቁሯል። ያን ሁሉ የጻፈው ሌላ ሰው ነው፣ ይሄ ልጅ አታሎኛል እንዳለ ጽጌረዳ በኋላ ነገረችኝ። ተከራክራለታለች፣ አልሰማትም። ደግፌ እዚያው ቆሞ ነበር፤ አንዲት ቃል አላመለጠችውም፣ አንዲት ቃል ግን አልወጣችውም።

ከሦስት ሳምንት በኋላ መልስ መጣ። ይሄንንስ ማን ጻፈልህ ይላል። ደግፌ ሊመልስ ተቀምጦ አየሁት። ጣቶቹን ቁልፎቹ ላይ አድርጎ ብዙ ቆየ፤ ከዚያ ኮምፒውተሩን አጠፋና ተነሳ።

ሥራውን ትቶ ጨንቻ ተመለሰ፤ ሄጄ ጠይቄዋለሁ። ሸማ ይሠራል። እኔ እያወራሁ፣ እሱ እየሠራ መሸ። እንግሊዝኛው ቀርቶ ጋሞኛውንም ቀንሷል።