ፈረሴን የገደለው ድንጋይ

ፈረሴን የገደለብኝ አንድ ቀራጺ ነው። መጀመሪያ ካሳ አልከፈለኝም፤ ይባስ ብሎ ጥፋቱን በእኔ ላይ አስፈረደ።

በጃንሆይ ዘመን መጨረሻ ኮልፌ ውስጥ የምተዳደረው በጋሪ ነበር። ያለኝ አንድ ፈረስ ነው፤ እሱ ከቆመ ቤቴም ይቆማል። ቀራጺው ውጭ አገር ተምሮ የመጣ፣ ከሰፈራችን ግቢ ተከራይቶ የሚሠራ ሰው ነው። ከሳንሱሲ በላይ ካለው የድንጋይ ካባ አንድ ጥቁር ድንጋይ መርጦ፣ «አራት ኩንታል ናት፤ አምጣልኝ» አለኝ።

ድንጋዩን ዞሬ ሳየው አልጣመኝም። ካባ ላይ ደንቡ የታወቀ ነው፤ ድንጋይ ከመጫኑ በፊት ጎን ጎኑ ተመትቶ የማይፈለገው እዚያው ይቀራል።

«ጌታዬ፣ ጠራቢዎቹ ማዕዘኑን ይምቱልዎትና እንጫን» አልኩት።

«የአጥር ድንጋይ መሰለህ እንዴ? ከእኔ በቀር መዶሻ የሚያሳርፍበት የለም።»

«ለፈረሴ ብዬ ነው።»

«ካልቻለ ሌላ ባለጋሪ እጠራለሁ።»

ጠራቢዎቹ ሳቁ። አንዱማ፣ «ምን ቸገረህ፣ ሲሞት ፈረስ ይቀርጽልሃል!» አለኝ።

ያን ሳምንት ሥራ አልነበረኝም፤ እሺ አልኩ። ቀራጺው የውል ወረቀት አወጣ። ፊደል ስለማላውቅ ጣቴን ቀለም አስነክቶ አሳተመኝና ግልባጩን ሰጠኝ። ድንጋዩን ጭነን ከካባው ስንወርድ፣ ቁልቁለቱ ላይ፣ ወንዙ ጋ ሳንደርስ፣ ጭነቱ ፈረሱን ከኋላ ገፋው። በጉልበቱ ወደቀ፤ የጋሪው ዘንግ ጎኑ ገባ። እዚያው ሞተ። ድንጋዩ ምንም አልሆነም፤ በማግስቱ በካሚዮን ተወሰደ።

ከሰስኩት። አጥቢያ ዳኛው ፊት ቀራጺው ወረቀቱን አነበበ፤ «በመንገድ ለሚደርስ ጉዳት ባለጋሪው ኃላፊ ነው።»

«ጣትህ ነው?» አሉኝ ዳኛው።

«ነው።» አለቀ።

ሁለት ክረምት የሰው ዕቃ በጀርባዬ እየተሸከምኩ አደርኩ። ፊደል የቆጠርኩት በንዴት ነው፤ ጢሜ ሸብቶ። ማንበብ እንደቻልኩ መጀመሪያ ያነሳሁት ያንኑ ግልባጭ ነው። ሰውዬው የዘለለው መስመር ነበረበት፤ «ክብደቱ አራት ኩንታል የሆነ ድንጋይ» ይላል።

ወደ ዳኛው ተመለስኩ። ቀራጺው ሳቀ። «ድንጋዩ ሐውልት ሆኗል፤ ከየት አምጥተህ ልትመዝነው ነው?»

«ሐውልትዎን አልነካም። የጣሉትን እንመዝን።»

በዚያ ግቢ ሌላ ጥቁር ድንጋይ ገብቶ አያውቅም። ስብርባሪው ጥግ ላይ ተከምሯል። ዳኛው ከእህል ነጋዴ ባስኩላ ሚዛን አስመጡ። ክምሩ ብቻውን ከአራት ኩንታል አለፈ። ቀራጺው ቁልቁል ማየት ጀመረ።

ሐውልቱንም ያን ዕለት አየሁት። ያምራል፤ አልዋሽም። ግን ሰው ሐውልት ሲያይ የሚያየው የቀረውን ነው። ተጠርቦ የተጣለውንም ያጓጓዘው አለ። ፈረሴ የሞተው ሰውዬው ሊጥለው ለመረጠው ድንጋይ ነው። ይህን ካሰብኩ በኋላ ቁጣዬ በረደ አልልም፤ ቦታውን ግን አገኘ።

ዳኛው የቀድሞውን ፍርድ አንስተው ፈረስ እንዲተካልኝ ወሰኑ። ሰውዬው ሦስት ቀጠሮ አንገላታኝ። በመጨረሻ ቡላ ፈረስ ከነልጓሙ እየሳበ ደጄ ድረስ መጥቶ አስረከበኝ፤ ሰኔ አሥራ ሦስት ቀን 1964 ዓ.ም.