የቀዛፊው ሁለተኛ ዓይን

ይህ ነገር ሊጻፍ የሚገባው መሆኑን እርግጠኛ አይደለሁም። የአንዲት ትንሽ መጽሐፍ መዘግየት ነው፤ ያዘገየኋትም እኔው ነኝ። ብቻ ስሕተቱን የሠራው ሰው ራሱ ቢናገረው ይሻላል ብዬ ጀመርሁ።

ለመጀመሪያ ዓመት ትምህርት ከመራዊ ባሕር ዳር ስገባ፣ ግሽ አባይ ሰፈር ውስጥ ከአንዲት ጡረታ የወጡ ታይፒስት ግቢ ክፍል ተከራየሁ። እትዬ እንላቸዋለን። ሳሎናቸው ጥግ በእጅ የሚዞር አሮጌ ማባዣ ማሽን ነበራቸው። በእሱ የጀማሪ ሠዓሊዎችን ሥራ እያባዙ፣ በመርፌና በክር እየጠረዙ መጽሐፍ ያወጣሉ። "ሥዕል የሚሰቅልበት ግድግዳ የሌለው ሰውም መጽሐፍ መያዝ አያቅተውም" ይሉ ነበር።

በዚያ ዓመት ተራው የአንዲት የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኛ ነበር። አባቷ በሐይቁ ማዶ ያሉ አብያተ ክርስቲያናትን የሚሥሉ መሪጌታ ናቸው። እሷ የሣለችው ግን ከፈረቃ የሚወጡ ሴቶችን፣ ዓሣ የሚያጸዱ ሰዎችንና አንድ የታንኳ ቀዛፊን ነው። በጠቅላላው አሥራ ሁለት ሥዕል።

ያለ ፈቃድ ማተም ስለማይቻል እትዬ ሥዕሎቹን ለኅትመት ፈቃድ ሰጪው ሹም ወሰዱለት። አገላብጦ አየና "ጽሑፉ የታለ?" አለ።

"የለውም" አሉት እትዬ።

"ታዲያ ምኑን ልመርምር?"

ግራ እንደገባው በየሥዕሉ ጀርባ ማኅተም መታ። አንዲት መስመር እንዳትለወጥ፣ ሥራውም ከሰኔ እንዳያልፍ አስጠነቀቀ።

እትዬ ለምነው ያገኙት አሥራ ሁለት ስቴንስል ብቻ ነበር። ስቴንስል ሰም የተቀባ ስስ ወረቀት ነው፤ በብረት ብዕር ሲጫር ቀለም የሚያሳልፈው የተጫረው መስመር ብቻ ነው። እጄ ስለማይንቀጠቀጥ ሥዕሎቹን መስኮት ላይ ለጥፌ የምገለብጥ እኔ ሆንሁ። አሥራ አንዱን በደንብ ሠራሁ።

አሥራ ሁለተኛው ቀዛፊው ነበር። ከጎኑ ስለተሣለ አንድ ዓይኑ ብቻ ይታያል። እኔ ባደግሁበት ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ደግሞ በአንድ ዓይን የሚሣሉት ሰይጣንና ይሁዳ ናቸው፤ ጻድቃን በሁለት ዓይን ፊት ለፊት ያያሉ። መሪጌታ ለሰኔ ሚካኤል መጥተው መጽሐፉን እንደሚያዩ ሰምቻለሁ። ልጃቸውን እንዳይቆጧት ብዬ፣ ማንንም ሳልጠይቅ፣ አፍንጫው አጠገብ ሁለተኛ ዓይን ጨመርሁለት።

ሠዓሊዋ ከፋብሪካ መጥታ ስቴንስሉን ወደ ብርሃን አነሣችው።

"ይኼ ማነው?"

"ቀዛፊው ነዋ።"

"ቀዛፊው የሚያየው ውኃውን ነው። ይኼ እኔን እያየ ድንጋይ ላይ ሊያወጣን ነው!"

"አባትሽ እንዳይቆጡ ብዬ..."

"አባቴን ከእኔ በላይ አወቅሃቸው?"

እትዬ ገላገሉን። "በቃ፣ እሱ ይውጣና በአሥራ አንዱ ይታተም።"

"እሱ ከቀረ መጽሐፉም ይቅር፣ እትዬ። አጎቴ ነው። በዚያ ታንኳ አሻግሮ ትምህርት ቤት ያስገባኝ እሱ ነው።"

በስቴንስል ላይ የተሳሳተ መስመር የሚደፈንበት የማረሚያ ቀለም ነበረን፤ ግን ከደረቀ ቆይቷል። እትዬ ሌላ ስቴንስል ፍለጋ የማያንኳኩት ቢሮ አልነበረም፤ አላገኙም። ግንቦት እንዲሁ አለቀ። እኔ አፍሬ፣ ግቢ ስገባ በጓሮ በኩል መዞር ጀመርሁ።

በሰኔ ሚካኤል ዕለት መሪጌታ ከቅዳሴ መልስ መጡ። ገና ሳይቀመጡ ተናዘዝሁ። "የኔታ፣ ሁለተኛዋን ዓይን የጨመርሁ እኔ ነኝ። ባለ አንድ ዓይኑ ክፉ ሰው ነው ብዬ ነው።"

ሥዕሉንና ስቴንስሉን ጎን ለጎን ይዘው አስተያዩ። ከዚያ ሳቁ።

"እኔ የምሥለውን ጻድቅ ሰው ሊሳለመው ይመጣል፤ እሱም የመጣውን ያያል። የእሷ ሰው ግን ሥራ ላይ ነው። ዞሮ ማንን ሊያይ?"

"በአንድ ዓይን መቅረቱ አይከፋዎትም፣ አባባ?" አለች ልጃቸው በቀስታ።

"ወንድሜን በጎኑ ባየው አላጣውም።"

ከኪሳቸው የተረፈ ጧፍ አወጡ። ሰሙን በጣታቸው አለስልሰው በተጨማሪዋ ዓይን ላይ ቀቡት፤ በአውራ ጣታቸው ጥፍርም አስተካከሉት። "ስንት ዓይን ሥያለሁ። ስደፍን ግን ይኼ የመጀመሪያዬ ነው" አሉ።

ሠዓሊዋ ማሽኑን አዞረች። ቀዛፊው ወጣ፤ ውኃውን ያያል። ሰሙ ያልደረሰባት አንዲት ነጥብ ብቻ አፍንጫው አጠገብ ቀርታለች።

"ትንኝ ናት" አለች ሠዓሊዋ። "ሐይቅ ላይ መች ይጠፋል?"

"ሹሙም የከለከለው መስመር ነው፤ ነጥብ አላለም" አሉ እትዬ።

መሪጌታ የመጀመሪያውን ቅጂ ከዳዊታቸው ጋር ማኅደር ውስጥ ከተቱት። እኔም ከዚያ ቀን ጀምሮ በፊት ለፊቱ በር እገባለሁ። እትዬ ለሚቀጥለው ሠዓሊ ስቴንስል መለመን ጀምረዋል፤ እኔም መጀመሪያ እየጠየቅሁ እንደምገለብጥ ቃል ገብቻለሁ። የመጨረሻውን ቅጂ ጠርዘን የጨረስነው ሰኔ 21 ቀን 1977 ዓ.ም. ነው።