የቀረ ልጅ የለም

ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለሚስቴም አልነገርኳትም፣ ለእናቴም ሳልነግራት ሞተች። በእኛ ቤተ ክርስቲያን የንስሐ አባት የሚባል የለም፤ ሰው ኃጢአቱን ለጌታ ይናገራል፣ ሲከብደው ደግሞ እሑድ በጉባኤ መካከል ተነስቶ ይመሰክራል። እኔም መስክሬ አውቃለሁ። በወጣትነቴ እጠጣ እንደነበር፣ ታናሽ ወንድሜን በቁጣ እንደደበደብኩ ተናግሬ ሕዝቡ ሃሌ ሉያ ብሎልኛል። ሃሌ ሉያ የሚያስብለውን ኃጢአት እየመረጥኩ ነበር የምናዘዘው። ይህኛውን ግን ሆዴ ውስጥ አስቀመጥኩት። እናንተን አላውቃችሁም፣ እናንተም አታውቁኝም፤ አፌ የተፈታው ለዚህ ሳይሆን አይቀርም።

ዛሬ አርባ ምንጭ ሴቻ ነው የምኖረው። ሥራዬ አስተማሪዎችን ማሠልጠን ነው። ያኔ ግን፣ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል፣ ከገረሴ ከፍ ብሎ ባለ አንድ ቀበሌ የሁለተኛ ክፍል መምህር ነበርኩ። አንድ የንባብ ፕሮግራም ወደ ትምህርት ቤታችን መጣ። ፕሮግራሙ ጥሩ ነበር፤ ጥፋቴን በእሱ እንዳላላክክ ይህን አስቀድሜ ልናገር። በጋሞኛ የተጻፉ የተረት መጻሕፍት መጡልን፣ የፊደል ካርድ መጣልን፣ ቅዳሜ ቅዳሜ በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ልጆቹ እየተሰበሰቡ ያነቡ ጀመር። በቃላቸው ሸምድደው ያነበቡ የሚመስሉ ልጆች፣ ጣታቸውን ፊደሉ ላይ አድርገው እውነተኛ ንባብ ሲያነቡ አየሁ። ወላጆች ማታ ልጆቻቸውን እያስነበቡ ይስቁ ነበር። እኔም ኮራሁ። ኩራቴ ነው እንግዲህ ጉድ ያፈላው።

በክፍሌ ውስጥ አማረች የምትባል ልጅ ነበረች። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ናት፤ ቤታቸው ከትምህርት ቤቱ አጥር ድንጋይ ቢወረወር የሚደርስ ነው። አባቷ ሽመና ፍለጋ አዲስ አበባ ሄዶ በዚያው ቀርቷል፣ እናቷ ወይዘሮ ባሎቴ ድንችና ቆጮ ገበያ እያወጡ ብቻቸውን ያሳድጓታል። ከአማረች ቀኝ ጆሮ መግል ይፈስ ነበር። አንዳንዴም ከግራው። እናቷ ቅጠል ጨምቀው ያንጠባጥቡላታል፤ ሲያድጉ ይተዋል ይባላል በእኛ አገር። ሽታውን ልጆቹ ስላልቻሉት አፍንጫቸውን እየያዙ ይሸሿታል። እኔስ ምን አደረግኩ? ልጆቹን ገሠጽኩ? አልገሠጽኩም። እሷን አንስቼ መጨረሻው ወንበር ላይ፣ በሩ አጠገብ፣ ንፋስ በሚወስደው ቦታ አስቀመጥኳት። እኔ ነኝ ያስቀመጥኳት።

የፊደል ድምፅ ስናወጣ የጓደኞቿን አፍ እያየች ከኋላ ከኋላ ትከተላለች። ብቻዋን ሳስነሳት ዝም ትላለች፤ ወይ የማይገናኝ ነገር ትላለች፣ ክፍሉም ይስቃል። ሰነፍ ናት አልኩ። ለርዕሰ መምህሩም እንደዚያው አልኩት። አንድ ቀን ግን ከጀርባዋ አንድ ወንበር ወደቀ። ክፍሉ በሙሉ ደንግጦ ዞረ፣ እኔም ጠመኔ ከእጄ ወደቀብኝ፤ አማረች ብቻ አንገቷን ደፍታ ከሰሌዳው የገለበጠችውን መጻፏን ቀጠለች። አየሁ። አላየሁም ብዬ እንዳልዋሻችሁ፣ በደንብ ነው ያየሁት። ልጅቷ አትሰማም ማለት ነው ብዬም አሰብኩ። ከዚያ ጠመኔዬን አንስቼ ማስተማሬን ቀጠልኩ።

የፕሮግራሙ መዛኞች ማክሰኞ እንደሚመጡ ተነገረን። ከክፍሉ በዕጣ ልጆች እየመረጡ ያስነብባሉ፤ ውጤቱም ከሌሎች ትምህርት ቤቶች ጋር ይወዳደራል። በእኛ በመምህራን መንደር ይህ ሲመጣ የሚደረገውን ሁሉም ያውቃል፣ ማንም አይናገረውም። ደካሞቹን ታስቀራለህ። ሰኞ ከሰዓት በኋላ አራት ልጆች አስቀርቼ፣ ነገ ትምህርት የለም አልኳቸው። ሦስቱ ዘለው ወጡ። አማረች አልተንቀሳቀሰችም። ጎንበስ ብዬ ፊት ለፊቷ፣ በአፌም በእጄም፣ «ነገ አትምጪ» አልኳት። እሺ እንደማለት ጭንቅላቷን ነቀነቀች።

ማክሰኞ ጠዋት ግን መጣች። ልጆቹ በደጃቸው ሲያልፉ አይታ ነው መቼም። ቀሚሷ ታጥቦ፣ ፀጉሯ ቅቤ ተቀብቶ፣ ደብተሯን ደረቷ ላይ አቅፋ አጥሩ በር ላይ ቆመች። እኔም ከክፍሉ ደጃፍ ሆኜ ዶሮ እንደሚያባርር ሰው በእጄ መለስኳት። ትንሽ ቆማ አየችኝና ዞረች። ለምን ብላ አልጠየቀችም፤ መምህር ያለውን ማን ይጠይቃል በእኛ ዘንድ?

መዛኞቹ መጡ። ከእነሱ ጋር ያልጠበቅናት አንዲት ሲስተር ነበረች። ፕሮግራሙ የጤና ምርመራ ጨምሯልና የሁሉንም ልጅ ዓይንና ጆሮ አያለሁ አለች። አየችም። በትንሽ መብራት የእያንዳንዱን ልጅ ጆሮ እያየች፣ ከኋላቸው ቆማ በሹክሹክታ እየጠራች፣ ግማሽ ቀን ሙሉ ሠራች። ጆሯቸው የቆሰለ ሦስት ልጆች አገኘች፤ እንዴት እንደሚጸዳ አሳየቻቸው፣ መድኃኒትም ሰጠች። እኔ ግድግዳው ጥግ ቆሜ አያት ነበር። ስትጨርስ እጇን እየታጠበች ጠየቀችኝ።

«መምህር፣ የቀረ ልጅ አለ?»

«የለም» አልኩ።

ስም መጥሪያውን አየት አደረገች። «እዚህ አርባ ሦስት ይላል። እኔ ያየሁት ሠላሳ ዘጠኝ ነው።»

ያኔ ነው ሁለተኛው ዕድል የተሰጠኝ። ርዕሰ መምህሩ አጠገቤ አልነበረም፣ መዛኞቹ በሌላ ክፍል ነበሩ፣ አማረች ሁለት መቶ እርምጃ በማይሞላ ቦታ ቤቷ ተቀምጣለች። ልጠራት እችል ነበር። ጮክ ብዬ እናቷን ብጣራ ይሰሙኝ ነበር። ታዲያ ምን አልኩ?

«አራቱ ከቤተሰቦቻቸው ጋር ጫኖ ወርደዋል፣ ለሙዝ ሥራ» አልኩ። አፌን ሞልቼ ነው የተናገርኩት። ከደጋ ወደ ቆላ ለሥራ የሚወርድ ቤተሰብ ብዙ ነውና ማንም አይጠረጥርም፤ እንዲያውም አዘነችላቸው። አራት ወረቀት ጽፋ ሰጠችኝና እንዲህ አለችኝ፦ «ሲመለሱ ገረሴ ጤና ጣቢያ ላካቸው። በተለይ ጆሮው የሚፈስ ካለ ሳይውል ሳያድር። ቶሎ ከታከመ ይድናል፤ ከቆየ ግን መስማቱን ይጨርሰዋል።»

ሰማኋት። እኔ ጆሮዬ ደህና ነው፣ አንድም ቃል አላመለጠኝም።

ወረቀቱን ለወይዘሮ ባሎቴ አልሰጠሁም። ብሰጣቸው «ሐኪሟ መቼ መጥታ? ልጄ ያን ቀን ለምን ቀረች?» ይላሉ፤ ነገሩ ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው ይዞራል፣ ከርዕሰ መምህሩ ይደርሳል፣ ከመዛኞቹ ይደርሳል። ይህን ፈርቼ ነው። አንድ ሳምንት ይለፍ አልኩ፣ አንድ ወር ይለፍ አልኩ። በመካከሉ ውጤት መጣ፣ ትምህርት ቤታችን አንደኛ ወጣ። የምስክር ወረቀት ተሰጠኝ፣ ከወላጆች ጋቢ ተደረበልኝ። ጋቢውን ከደረቡልኝ እናቶች አንዷ ወይዘሮ ባሎቴ ነበሩ። ልጆቻችንን ሰው አደረግክልን ብለው ትከሻዬን ሳሙኝ።

አማረች ሁለተኛ ክፍልን ሦስት ጊዜ ተማረችው። መጨረሻ ላይ እናቷ ቤቴ ድረስ መጡ። «መምህር፣ ልጄን ምን ላድርጋት?» አሉኝ፣ በጋሞኛ፣ መሬት መሬት እያዩ። ያኔም እኮ አልመሸም ነበር። «ትምህርት ለሁሉም አልተሰጠም እናቴ፤ እርስዎን በሥራ ታግዝ» አልኳቸው። መርቀውኝ ሄዱ። የእናት ምርቃት እንዲህ ሲያቃጥል ሰምታችሁ ታውቃላችሁ?

እኔ ወደ አርባ ምንጭ ተዛወርኩ። በዚያች የምስክር ወረቀት ነው የተዛወርኩት፣ በሌላ አይደለም። ዛሬ ለአስተማሪዎች ከልጁ ኋላ ቆመህ በሹክሹክታ ጥራው፣ ካልዞረ ወላጁን አነጋግር እያልኩ አስተምራለሁ። ጥሩ አሠልጣኝ ነው ይሉኛል። እውነት ነው፣ ምን እንደሚጠፋ የማውቀውን ያህል የሚያውቅ የለም።

በአባቶቻችን ዘንድ ጎሜ የሚባል ነገር ነበር። ሰው ያጠፋውን ሸሽጎ ሲኖር ጥፋቱ ወይ በገዛ አካሉ፣ ወይ በቤቱ፣ ወይ በከብቱ ይወጣል፤ ሽማግሌዎች ፊት በአፉ ካልተናገረው አይለቀውም ይላሉ። እኛ ወንጌል ከተቀበልን በኋላ ይህን ትተናል። እኔ ግን እንዲህ እላለሁ፦ ምነው ጎሜው በያዘኝ። ልጆቼ ጤነኞች ናቸው፣ ሁለቱም ጎበዝ አንባቢዎች ናቸው፣ ሥራዬ ተሳክቷል። ምንም አልደረሰብኝም። ቅጣቱን ሁሉ የወሰደችው እሷ ናት።

ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው እንደሚባለው፣ ከአራት ወር በፊት ለሥራ ጫኖ ሄድኩ። ሕፃናት ለቅድመ መደበኛ ሲመዘገቡ ዓይንና ጆሯቸው በነርስ ይታያል፤ እኔ መዝጋቢ ሆኜ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጫለሁ፣ እናቶች ተሰልፈዋል። አንዲት ወጣት ሴት ትንሽ ልጇን በእጇ ይዛ ደረሰችና ፊቴን ስታይ ጮኸች።

«መምህር! አወቁኝ? አማረች ነኝ! የባሎቴ ልጅ!»

በጣም ጮክ ብላ ነው የምትናገረው፤ የራሷ ድምፅ አይሰማትም። ደንግጬ ተነሳሁ። ሳልከለክላት እጄን ሳመች። ከዚያ ወደ ሰልፉ ዞራ ለማያውቁኝ ሴቶች ትነግራቸው ጀመር። «የእኔ መምህር ናቸው! የመንደራችንን ልጆች ሁሉ ማንበብ ያስተማሩ እሳቸው ናቸው። እኔ ብቻ ነኝ ሰነፏ። እሳቸውማ ደክመውብኝ ነበር!»

ሴቶቹ ሳቁ፣ እሷም ሳቀች። እኔ የት ልግባ? በዚህ ሁሉ ዓመት ሰነፍ ነኝ ብላ አምና ኖራለች። ያሳመንኳት እኔ ነኝ። ጆሮዋን ብቻ አይደለም ያጠፋሁት።

ልጇን ያመጣችው እንደ እሷ እንዳትሆን ጆሮዋ ይታይልኝ ብላ ነበር። አሁን እሷ የምትኖረው በሰው ሙዝ እርሻ ውስጥ ነው፤ ባሏ ቀን ሥራ ይሠራል። ነርሱ ልጅቷን አያት፤ ጆሮዋ ንጹሕ ነው። አማረች የነርሱ አፍ በማስክ ስለተሸፈነ ምን እንዳለ አልገባትምና ወደ እኔ ዞረች። ፊቴን ቀና አድርጌ ቀስ ብዬ «ደህና ናት። ምንም የለባትም» አልኳት። ከከንፈሬ አነበበችውና ልጇን አቅፋ እንባዋ መጣ።

ያን ጊዜ ልናገር ልቤ ተነሳሳ። ቅጹ ላይ አቀርቅሬ፣ እስክሪብቶዬ ወረቀቱ ላይ ተተክሎ፣ «አማረች፣ ሰነፍ አልነበርሽም። ያን ቀን አስቀርቼሽ ዋሽቻለሁ። ብትታከሚ ትድኚ ነበር» አልኩ። ሁሉንም አልኩት። ቀስ ብዬም ቢሆን በድምፅ ነው ያልኩት። ግን አቀርቅሬ ነው።

«ምን አሉኝ፣ መምህር?» አለች፣ ወደ ፊቴ ጎንበስ ብላ።

ቀና አልኩ። ዓይኗ ከንፈሬ ላይ ነበር።

«የልጅሽን ስም ማን ልበል?» አልኳት።

አውቅ ነበር እኮ። ሳቀረቅር እንደማትሰማኝ አውቄ ነው ያቀረቀርኩት። ለጌታ ተናግሬዋለሁ ለማለት፣ ለእሷም ነግሬያታለሁ ለማለት። እንዲህ ያለ ንስሐ አይታችኋል? ከሠራሁት ሁሉ ከዚህ የከፋ ያለ አይመስለኝም፤ ያኔ ወጣት ነበርኩ ልል እችል ይሆናል፣ አሁን ግን ሽበት አለኝ።

ከሴቻ ጫኖ በሚኒባስ ምን ያህል ነው? ነገ እሄዳለሁ እያልኩ አራት ወር ሆነኝ። አንዴ ሥልጠና አለ፣ አንዴ ዝናብ ነው፣ አንዴ ባሏ ይጣላኝ ይሆናል እላለሁ። ምክንያት መች አጥቼ አውቃለሁ? ስለዚህ ይቅር በሉኝ አልላችሁም፤ ያጠፋሁት እናንተን አይደለም። ይህን ስጽፍም ያው እንዳቀረቀርኩ ነኝ። ሰው ሁሉ ያነበዋል፣ አማረች አታነበውም። ማንበብ አላስተማርኳትም።