የፈረንጁ ፕሬዚዳንት አሟሟት

ባሕር ማዶ፣ ጣራ በሌለው ማኪና ላይ ሳለ በጥይት ስለተገደለ አንድ ፕሬዚዳንት አሥራ አንድ መጻሕፍት አሉኝ። ዘጋቢ ፊልሞቹን አልቆጠርኋቸውም። ጎንደር ተቀምጦ ይህን ሁሉ ማወቅ ምን ይረባል ለሚለኝ መልስ የለኝም፤ ደግነቱ ጠያቂም የለኝም።

ሱሱን ያስያዘኝ ጓደኛዬ ነው። ሆስፒታል የራጅ ባለሙያ ነበር። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ ፊልም በፍላሽ ይዞ ይመጣና በዚያው ሰውዬ ሞት እንከራከር ነበር። እሱ ተኳሾቹ ብዙ ናቸው ባይ ነው። እኔ አንድ ሰው ነው፣ ብቻውን ባይ። እውነቱን ለመናገር በአቋሜ የጸናሁት ከተማው ሁሉ ሴራ ስለሚወድ ነው። እኛ ዘንድ ሰው ሲገደል ገዳዩን መንደሩ ያውቀዋል፣ የሚናገር ግን የለም። እነሱ ዘንድ ገዳዩ ተነግሮ ተጽፎ አልቋል፣ የሚያምን የለም።

"አንተ የምትፈልገው ማስረጃ አይደለም፣ የሚሟገትህ ሰው ነው" ይለኛል ፊልሙን እያቆመ። "ይኸው እይ፤ ጥይቱ ከፊት ነው የገባው።"

"አንተ ራጅ ታነሳለህ እንጂ የሚያነበው ሐኪሙ ነው። አርፈህ አጫውተው።"

ባለፈው ሐምሌ ልቡ ቆመ። እሱን እንኳ ማንም አልገደለውም። ዘመዶቹ አስከሬኑን በዚያው ቀን ወደ አዲ አርቃይ ወሰዱት፤ እኔ የሰማሁት በማግስቱ ነው። ወንድም አይደለሁ፣ አማች አይደለሁ፣ ማን ብሎ ይደውልልኝ?

አርባው ሲቃረብ፣ በኖረበት ከተማ አንድ ቤተ ክርስቲያን ስሙ በጸሎት እንዲጠራ ፈለግሁ። ደጀ ሰላም ከረገጥሁ ብዙ ዓመቴ ነው። አምንበት እንደሆነ ራሴን አልጠየቅሁም። የሰፈራችን ቄስ ዘንድ ሄጄ ስሙን የጻፍሁበትን ወረቀት ሰጠኋቸው።

"ይህ የዓለም ስሙ ነው" አሉኝ። "የክርስትና ስሙስ?"

"አላውቀውም።"

"ወንድምህ ነው?"

"ጓደኛዬ ነው፣ አባቴ።"

"የቅርብ ጊዜ?"

"የዘጠኝ ዓመት።"

ወረቀቱን መለሱልኝ። "በዚህ ስም እንዴት አድርጌ ልጸልይለት? ጠይቀህ ና፣ ልጄ። አርባው ከነገ ወዲያ አይደለም እንዴ?"

ዝናብ እየመታኝ ወደ ቤቴ ወረድሁ። ፕሬዚዳንቱ በየትኛው ጎን ተቀምጦ እንደነበር፣ ሾፌሩ መቼ ዞር ብሎ እንዳየው፣ ሐኪሞቹ በምን እንዳልተስማሙ በቃሌ እወጣዋለሁ። ጓደኛዬ ሻይ በአራት ማንኪያ ስኳር እንደሚጠጣ አውቃለሁ። ከዚያ ወዲያ የማውቀውን ልቆጥር ሞከርሁ፤ ቤቴ ሳልደርስ አለቀብኝ።

የእኅቱን ስልክ ከሥራ ባልደረቦቹ ለምኜ ደወልሁላት።

"የወንድምሽ ጓደኛ ነኝ፣ ከጎንደር።"

"መጽሐፍ የሚያነቡት? ሁልጊዜ ያነሳዎት ነበር እኮ።"

"ምን እያለ?"

"ግትር ነው እያለ።"

የፈለግሁትን ነገርኋት።

"ምነው አያ፣ ይህን ሁሉ ዓመት ምን ስታወሩ ኖራችሁ?"

"ስለ አንድ ፈረንጅ አሟሟት።"

"የፈረንጁን የክርስትና ስምስ ያውቁታል?"

"እሱንማ አውቃለሁ።"

ሳቀች፤ ሳቋ መሐል ላይ ተሰበረ። ከዚያ ስሙን ሁለት ጊዜ፣ ቀስ ብላ፣ ለሕፃን እንደሚያስጽፍ ሰው ነገረችኝ። ጻፍሁት። እዚህ አልደግመውም፤ የእሱና የቤቱ ነው።

በአርባው ዕለት ማለዳ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ሥር፣ ጃንጥላ ዘርግቼ ቆምሁ። ከእኔ በቀር ስለ እሱ ብሎ የመጣ ሰው አልነበረም። ቄሱ የሙታኑን ስም በተርታ ማንበብ ጀመሩ። እኔ በጆሮዬ የምጠብቀው ያንን ፊልም እያቆመ የሚሟገተኝን ሰው ነበር። አንድ ስም ተጠራ፤ የሌላ ሰው መስሎኝ ቀጣዩን ጠበቅሁ። እሱ እንደነበር የገባኝ ሁለት ስም ካለፈ በኋላ ነው። ይድገሙልኝ አይባል ነገር። ጸሎቱ ወደማላውቃቸው ሙታን ቀጠለ፤ እኔም እስኪያልቅ ድረስ ከእነሱ ጋር ቆምሁ።