የሠሪዎቹ ስም ሲጀምር

ሲኒማ ቤቱን የሚያዘወትሩ ሁሉ «ጋሼ አብራው» ይሉታል። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ከአዳራሹ ጀርባ ባለችው ጠባብ ክፍል ተቀምጦ ፊልም አሳይቷል። ታሪኩ አልቆ የሠሪዎቹ ስም ከታች ወደ ላይ መውጣት ሲጀምር እጁ ከዓይኑ ቀድሞ ይነሣል፤ ፊልሙን ያቆምና መብራቱን ቦግ ያደርገዋል። እስከሚቀጥለው ተመልካች ያለችው ሩብ ሰዓት ወለሉን ለመጥረግም አትበቃም። ደግሞስ ያን ሁሉ ስም ማን ያነባል? «እሱ ለዘመዶቻቸው ነው» ይላል እየሳቀ።

ከመንገዱ ማዶ መጽሐፍ የምትሸጥ ልጅ አለች። የምትወደው ፊልም የመጀመሪያ ክፍል ከታየ ጀምሮ ሁለተኛውን ስትጠብቅ ሦስት ዓመት ሆናት። ፊልሙ የተሠራበትን ልብ ወለድ ከማገላበጧ ብዛት የገጾቹ ጠርዝ እንደ ጥጥ ለስልሷል። ታሪኩ በደመና ላይ ጀልባ እየቀዘፈ የጠፉ ሰዎችን ወደ ቤታቸው ስለሚመልስ ሽማግሌ ነው። «እናቴ የሞተች ጊዜ ደግፎ ያቆመኝ እሱ ነው» ትላለች። ሰው በወረቀት ላይ የሚኖር ሽማግሌን ተደግፎ መቆም መቻሉ እንዴት ይደንቃል!

ሁለተኛው ክፍል የመጣ ቀን አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። መጨረሻ ላይ ሽማግሌው ከጀልባው ወደቀና ደመናው ዋጠው። ስሞቹ ጀመሩ፤ መብራቱ ቦግ አለ። አዳራሹ ተናወጠ።

«ገደሉት! መጽሐፉ ላይ እኮ አይሞትም!»

«ደራሲው ይህን እያየ ዝም አለ?»

«ፊልም ነው ብላችሁኝ ለቅሶ ቤት ታመጡኛላችሁ?»

ልጅቱ ግን መጽሐፉን ደረቷ ላይ አቅፋ ወጣች። በማግስቱ የመደብሯ መስታወት ላይ ወረቀት ለጠፈች፦ «መጽሐፉን የምትወዱ ፊልሙን አትዩት።» መጽሐፉንም ከመደርደሪያው አውርዳ ጠረጴዛ ሥር ከተተችው፤ የሽማግሌውን ስም ማየት አስጠላት።

በሦስተኛው ቀን፣ ልክ ስሞቹ ሲጀምሩ፣ የጋሼ አብራው መነጽር ሸርተት ብሎ ወደቀ። ተንበርክኮ ወለሉን ሲዳብስ ስሞቹ ሄዱ፣ አለቁም። ቀና ሲል ሸራው ላይ ነጭ ጭጋግ ሞልቷል። ከጭጋጉ ውስጥ የመቅዘፊያ ድምፅ ተሰማ። ከዚያ አንድ እጅ፤ ከዚያ ያ ሽማግሌ።

ተመልካቹ ወጥቶ አልቋል። የጽዳት ሠራተኛዋ ብቻ መጥረጊያዋን ተደግፋ አፏን ከፍታ ቆማለች።

«አንተ ሰውዬ!» አለች ወደ ክፍሉ አንጋጣ። «ሽማግሌው አለ እኮ! ታዲያ ማን ነው የገደለው?»

ማን እንደገደለው ያውቃል። ግን አፉን ያዘ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ስሞቹን እስከ መጨረሻው ለቀቃቸው፤ ጥፋት በዝምታ የሚታረም መስሎት። ሕዝቡ ግን ስም ሲያይ በጨለማውም ብድግ ብሎ ይወጣል። ያስለመዳቸው ማን ሆነና! የልጅቱን ወረቀት ባየ ቁጥር ፊቱን አዙሮ ያልፍ ጀመር።

«ነገ ፊልሙ ይወርዳል» አለችው የጽዳት ሠራተኛዋ በአምስተኛው ቀን። «ለልጅቱ ንገራት።»

«እንዴት ብዬ?»

«በአፍህ ነዋ! ወይስ መነጽርህ ሄዶ ይንገርልህ?»

መንገዱን ተሻገረ። እጁን የት እንደሚያደርገው ጠፍቶት አንዴ ኪሱ፣ አንዴ ጀርባው ላይ አደረገው።

«ልጄ፣ ሽማግሌው አልሞተም። መጨረሻውን የቆረጥኩብሽ እኔ ነኝ» አለ፤ ሁሉንም ነገራት። ከሁለት ቀን በፊት ማወቁንም አልደበቀም።

መደብሯን ቆልፋ ተከተለችው። ባዶው አዳራሽ መሐል አስቀመጣትና ፊልሙን ከውድቀቱ ጀምሮ ለቀቀላት። በትንሿ መስኮት የሚታየው ጀርባዋ ብቻ ነው። ሽማግሌው ከጭጋጉ ሲወጣ ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ። ትሣቅ ታልቅስ አልለየም።

ከዚያ ክፍሉ በር ላይ መጥታ ቆመች። ስድቧን ጠበቀ፤ ብትሰድበው በቀለለው።

«ጋሼ» አለች ቀስ ብላ፣ «ሌሎቹስ?»

«የትኞቹ ሌሎቹ?»

«ሃያ ሁለት ዓመት ያሳዩዋቸው። እነሱስ ከስሙ በኋላ ምን ነበራቸው?»

ግድግዳው ላይ ወደተደራረቡት የድሮ ፊልሞች ሥዕል ዞረ። ፈረሰኛው፣ ሙሽራዋ፣ መርከበኛው። አንድ በአንድ አያቸው። የአንዳቸውንም መጨረሻ አያውቅም።