ጥቁሩ አሸዋ አንጋጫ ላይ እንዴት እንደ ተለየ

ማክሰኞ፣ ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል፣ ሆሳዕና

ጉሙ ሳይገፈፍ ወጣን። ላንድሮቨሩን የሚነዳው ኑሪ የዚሁ የሀዲያ አገር ልጅ ነው። ከኋላችን በገመድ የታሰረው ረጅም የእንጨት ጠረጴዛ ምግብ አይቀርብበትም። ላዩ ላይ ቀጫጭን ጣውላዎች በቁመቱ ተመትተውበታል። እጀታው ሲዞር ይንቀጠቀጣል፣ ውሃም በጎን ይወርድበታል። ቀላሉን አሸዋ ውሃው ይጠርገዋል፤ ከባዱ፣ የምንፈልገው ጥቁር ማዕድን፣ ከጣውላዎቹ ሥር ተጠግቶ፣ በመንቀጥቀጡ እየተገፋ ወደ ጫፍ ይሄዳል። ይህ እንግዲህ በወረቀት ላይ ነው። በእኔ እጅ ግን ሁለት ሳምንት ሙሉ ጥቁሩ ከነጩ ጋር አብሮ ይፈሳል። ነገ አለቃዬ ከአዲስ አበባ ሆሳዕና ይገባሉ። ካልሠራ ጠረጴዛው ወደ መጋዘን፣ እኔም ወደ መዝገብ ቤት እንመለሳለን። መዝገብ ቤትን እጠላለሁ።

2 ሰዓት ተኩል፣ ዶዮገና

የገበያ ቀን ነው፤ ገብስ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ በቅጠል የተጠቀለለ ቅቤ፣ ጭቃ። የአሥር ሳንቲም ቆሎ ገዝተን እየቆረጠምን ቀጠልን።

«ጋሼ፣ ውሃውን ጨምርበት» አለኝ ኑሪ።

«ጨምሬ ነበር።»

«እንግዲያው ጸልይበት» ብሎ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም።

5 ሰዓት፣ አንጋጫ

አሸዋው ያለበት ወንዝ ከወይዘሮ ማርታ ጓሮ በታች ይወርዳል። መበለት ናቸው፤ እሑድ እሑድ በቤተ ክርስቲያናቸው መዘምራንን ይመራሉ፣ በሥራ ቀን ደግሞ እንሰት ይፍቃሉ። ጠረጴዛውን ወንዙ ዳር ተከልን፣ አሸዋ አፈሰስንበት፣ ኑሪ እጀታውን አዞረ፣ እኔም ከላዩ ያቆምነውን የውሃ በርሜል ቧንቧ እስከ መጨረሻው ከፈትኩ። ጥቁሩ እንደ ለመደው ታጥቦ ሄደ። አፈርኩ።

ወይዘሮ ማርታ እጃቸውን እያደረቁ መጡ።

«ልጄ፣ ሳታጣራ ነው እንዴ የምታወርደው?»

«ምኑን እናቴ?»

«አሸዋውን። እኛ ቡላ ስናወርድ መጀመሪያ እናጣራለን። ቃጫው ካለበት ቡላውን ይዞት ይሄዳል። ከዚያ ውሃውን ዝም ማሰኘት ነው። የሚጮህ ውሃ ምን ያስቀራል?»

ቡላው ሲወርድ ለማየት ወደ እንሰቱ ልሄድ ስል ኑሪ ክንዴን ያዘኝ። «እዚያ ሴቶቹ እየሠሩ ነው፤ ወንድ አይጠጋም።» ወይዘሮ ማርታ ራሳቸው ቡላው የሚወርድበትን ገንቦ ይዘውልን መጡ። ላይ ላዩን ውሃ ቀስ አድርገው ሲያፈሱት ነጩ ቡላ ከሥር ረግቶ ታየ።

አሸዋም መጀመሪያ መጣራት አለበት ብዬ አስቤ አላውቅም፣ የእኔ ጥፋት ይኸው ነበር። ትልቁ ነጭ ጠጠርና ትንሹ ጥቁር ፍሬ በክብደት ስለሚቀራረቡ ጠረጴዛው ሊለያቸው አይችልም። አሸዋውን በወይዘሮ ማርታ ወንፊት ነፋሁት፤ ሻካራውን ለብቻ፣ ደቃቁን ለብቻ አደረግሁ። የጠረጴዛውን ተዳፋት ቀነስኩ፣ ቧንቧውንም ጠብ ጠብ እስኪል ዘጋሁት።

ኑሪ አዞረ። ከጣውላዎቹ ጥግ አንድ ጥቁር መስመር ወጣ። ቀጥ ብሎ፣ ነጩን ጥሎ፣ ወደ ጫፉ ሄደ። ዕንባዬ መጣ፤ አልደበቅኩትም። ወይዘሮ ማርታ ጥቁሩን በጣታቸው ነክተው «ይኸው ወረደ» አሉ።

ረቡዕ፣ 8 ሰዓት፣ ሆሳዕና

አለቃዬ ገና ከመኪና ሳይወርዱ ጠረጴዛው እየተንቀጠቀጠ ነበር። ጥቁሩን በመዳፋቸው መዘኑ፣ ሁለተኛ አስደገሙኝ፣ ሦስተኛ አስደገሙኝ። ሦስቴም ተለየ።

«ጠረጴዛው እዚሁ ይቆይ፣ አንተም» አሉኝና የሙከራውን ቅጽ ሰጡኝ። «መሣሪያውን ያስተካከለው ባለሙያ» ከሚለው ፊት ለፊት ወይዘሮ ማርታ፣ አንጋጫ ብዬ ጻፍኩ።

አለቃዬ አንብበው ቀና አሉ። «ይህች ሴት የት ተማረች?»

«እናታቸው ጓሮ፣ ጌታዬ» አላቸው ኑሪ፣ ሳይጠየቅ።

 አለቃዬ ብዕራቸውን አውጥተው ከወይዘሮ ማርታ ስም ሥር ፈረሙ።