ከሎሚው ሥር ያፈሰስኩት አመድ

ልጅ እያለሁ አንድ ቦታ ቁጭ ማለት የማልችል ቀዥቃዣ ነበርኩ። ሰፈራችን ሀና ማርያም ያኔ ገና እርሻ ነው፤ ታኅሣሥ ላይ ሰፈሩ ሁሉ ጭድ ጭድ ይሸታል። የኔ ሥራ ጠዋት ጠዋት የምድጃውን አመድ ታች ጎመኑ ድረስ ወስጄ መበተን ነበር። ታዲያ ልጆቹ ለብይ ሲጠሩኝ ማን እስከዚያ ይወርዳል? ደጃችን ካለው የሎሚ ዛፍ ሥር ዘርግፌ እሮጣለሁ። ወራት እንዲያ አለፈ።

እናቴ በዚያ ሎሚ ትመካበት ነበር። ያሳለው ሁሉ ልጁን የሚልከው እኛ ቤት ነዋ። አንድ ሰሞን ለጋው ቅጠል እየገረጣ መጣ፤ የቅጠሉ ጅማት እንደ ክር አረንጓዴ ሆኖ መሐሉ ብጫ። ፍሬውም ገና ሳይደርስ ረገፈ። እናቴ አሰበች አሰበችና የአጥር ጎረቤታችንን እትዬ ጫልቱን ጠረጠረች። «ቆመው ‹እንዴት አምሯል› ሲሉ ሰምቻቸዋለሁ፤ ዓይናቸው ነው» አለች። የበሬ ቀንድ ዛፉ ላይ ሰቀለች፣ ሰላምታም አቆመች። አብረው ውኃ ይቀዱ የነበሩት ሁለቱ ለየብቻቸው መሄድ ጀመሩ። ዛፉን ያበላሸው አመዱ ይሁን አይሁን አላውቅም፤ ብቻ ከዚያ ወዲህ ጎመኑ ድረስ ማውረድ ጀመርኩ።

በመጨረሻ እናቴ ዛፉን ልትጥል መጥረቢያ ስታነሣ፣ እትዬ ጫልቱ በአጥሩ ቀዳዳ ሾልከው ገቡ።

«አንቺ! የምትቆርጪው ዛፉን ነው ወይስ እኔን?»

እሳቸው ቅጠሉን ገለበጥ ገለበጥ አደረጉ። «የታቹ እኮ ደህና ነው። ፍግ ቢርበው ኖሮ ከታች ነበር የሚጀምረው። ይኸ የገረጣው ለጋው ነው፤ አፈሩ አንድ ነገር ሆኗል» ብለው በዱላቸው ጫር ቢያደርጉት፣ አመዱ እንደ ኖራ ተጋግሮ ወጣ። ሁለቱም ዞረው አዩኝ። መሮጥ እንኳ አቃተኝ።

«ና አንተ ነፋስ!» አሉኝ እትዬ ጫልቱ፣ ጆሮዬን ያዝ አድርገው። አመዱን አስጠረጉኝ፣ ከበረታቸው የከረመ ፍግ እየተሸከምኩ ሥሩን እንድሞላ አደረጉኝ። ክረምት ሲገባ አዲሱ ቅጠል አረንጓዴ ሆኖ ወጣ። ፍሬ የያዘ ጊዜ እናቴ በሰፌድ ሎሚ ሰጥታ ወደ እትዬ ጫልቱ ላከችኝ። እሳቸው ግን አልተቀበሉኝም። «መልሰህ ውሰድ፤ እናትህ ራሷ ታምጣው» አሉ። እናቴ ይህን ስትሰማ ደጃፉ ላይ ብዙ ቆመች። ኋላ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ሰፌዱን ከእጄ ወስዳ፣ በዚያው በቀዳዳው ገባች። እስኪመሽ አልተመለሰችም።

ዛሬ እዚያው ሰፈር ነኝ፤ አጥሩ ግን ብሎኬት ሆኗል፣ ከላዩም ሽቦ። ፎቅ በረንዳዬ ላይ ሆኜ ሳይ የጎረቤቴ ጎመን ከታች ጀምሮ ብጫ እየሆነ ነው። ይኸኛው ርቦት ነው፤ የከረመ ፍግ ቢያገኝ ይድናል። ሦስት ቀን ሙሉ ተነሣሁ ተቀመጥኩ። ‹ምን አገባህ› ቢሉኝስ? ‹የዚህ ሽማግሌ ዓይን ነው› ቢሉስ? ዛሬ ጠዋት አላስችል ቢለኝ ሄጄ የብረት በሩን አንኳኳሁ። ዘበኛው በትንሿ መስኮት ብቅ ብሎ፣ «ማንን ፈልገው ነው አባባ?» አለኝ።

የሰውየውን ስም አላውቀውም።